የሙሴ ሉብራን ሃይማኖት

ጥቅምት 27 ቀን 1878
ብርድ። እንጦጦ መቼ ሞቆ ያውቃል? በቅሎዬ ታነክሳለች። ጌታዬ ፊታውራሪ ዓምደ ሚካኤል በማለዳ አስጠሩኝ። «ከፈረንሳይ መልእክተኛ መጥቷል፤ ወልደ ሐዋርያት፣ አንተ ታስተረጉማለህ።» እሺ፣ ሌላ ምን እላለሁ? ከሚሲዮኖች ቤት የለቀምኳትን ፈረንሳይኛ ስጠጋግን ዋልኩ።

ጥቅምት 29
ሙሴ ሉብራን ይባላል። «ሙሴ» በነሱ «ጌቶች» እንደማለት ነው። አንገቱ ባዶ! ማተብ የሚባል ነገር የለም። የፊታውራሪ ዓይን እዚያው ላይ ተተከለ።

ሰላምታቸውን ጀመሩ... ሥላሴን፣ እመቤታችንን፣ ጻድቃን ሰማዕታቱን። በአህያ ቢጫን ሁለት አህያ ይወጣዋል። እኔ «እንደምን አደሩ ይላሉ» አልኩ። ሙሴ ተቆጣ። «ይህን ሁሉ አውርተው ይቺን ብቻ?»

በተራው «ደህና» አለ። አለቀ። ምን ላድርግ? «በእግዚአብሔር ቸርነት፣ በድንግል አማላጅነት፣ እስከዚህች ሰዓት ላደረሰን አምላክ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ» ብዬ ተረጎምኩ።

«አንዲት ቃል አልነበረች እንዴ ከአፉ የወጣችው?» አሉ ፊታውራሪ።

«ቋንቋቸው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ጌታዬ።»

«ክርስቲያን ነው ወይ? ጠይቅልኝ።»

ጠየቅኩት። «እሱ የግል ጉዳዬ ነው። በኛ አገር ሹም በመንግሥት ሥራ ላይ እግዜርን አያነሳም።» ወይ ጣጣ! ይሄ እንዴት ተብሎ ይነገራል? «ሃይማኖቱን በልቡ ሸሽጎ ነው የያዘው» አልኩ።

«ለምን ይሸሽገዋል? ሰርቆት ነው?»

ስወጣ መልሰው ጠሩኝ። «ስማ፣ ሃይማኖት የሌለው ሰው ለንጉሡ አላቀርብም። እንደዚያ ሆኖ ከተገኘ እሱም አገሩ፣ አንተም አገርህ።» የሚስቴ የማርያምወርቅ ወሯ ገብቷል። ይቺን ጎጆ አስለቅቄ፣ በዚያ ሆዷ፣ አገሬ ቡልጋ ድረስ በምን ላድርሳት?

ኅዳር 3
ነገርኳት። «የማተቡን ክር እኔ እፈትላለሁ፤ አንተ ማሰር ነው» አለች። ቀላል መሰላት። ሙሴን ብጠይቀው አንገቱን ይዞ ሸሸ።

ኅዳር 9
መጣልኝ ጉድ! «ለሚካኤል የካ ወርደን አብረን እንሳለማለን» ብለው ፊታውራሪ ላኩበት። ሙሴን ለመንኩት።

«ከሹም ጋር ሆኜ ጸሎት? ፓሪስ ቢሰማ የጋዜጣ መሳቂያ እሆናለሁ። ሥራዬም ሄደ!»

አይ አገር... እሱ ቢሳለም እሱ ከሥራው ይባረራል፣ ባይሳለም እኔ። በስንት ማሰብ «ሕንፃውን ለማየት ብቻስ?» አልኩት። ዓይኑ በራ። ለካ የእንጨት ሥራ ሲያይ ነፍሱን አያውቅም።

ኅዳር 12
ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ይቅር በለኝ።

ከደጁ ስንደርስ መኳንንቱ ሁሉ ከበቅሎ ወረዱ። ፊታውራሪ ሦስት ጊዜ ሰግደው በሩን ሳሙ። ከዚያ ዞር ብለው ሙሴን አዩት። ሕዝቡም አየው። ሙሴ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ባርኔጣው አናቱ ላይ!

«ሙሴ፣ ይሄ በር ጽድ ነው» አልኩት ቶሎ ብዬ። «ሽታው ልዩ ነው። ጠጋ ብለው ያሽትቱት።»

ባርኔጣውን አወለቀ። ጎንበስ አለ። አፍንጫውን እንጨቱ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ሳበው። በአንዴ ቢተው ምናለ? ከላይ... ከመሐል... ኋላማ ተንበርክኮ ከታች። እልልታው ቀለጠ!

ቄሱ መስቀል ዘረጉለት። እሱንም አሸተተው። «ይሄኛው ምንም አይሸትም» አለኝ።

«በረከቱ ደርሶኛል ይላል» አልኩ።

ፊታውራሪ አለቀሱ። እንባቸው ጺማቸውን አራሰው። «ለንጉሡ አቀርበዋለሁ። አንተም እዚሁ ከኔ ጋር ነህ» አሉኝ።

ኅዳር 14
ሴት ልጅ! በሰላም ተገላገለች። እዚሁ፣ በጎጆአችን። ተመስገን።

ኅዳር 26
ዛሬ ደግሞ ሌላ መልእክተኛ። እንግሊዝ ነው፤ ፈረንሳይኛ ይናገራል፣ ያውም ያለ ማቋረጥ። ይሄኛው ገና ከመግባቱ ተንበረከከ! መጽሐፉን ገልጦ ከኖኅ ጀመረ። ለፊታውራሪ ነፍስ ጸለየ፣ ለከብቶቻቸው ጸለየ... የነዚህስ ሹሞች እንዲህ ናቸው? ደስ አለኝ። አንድ ቃል እንኳ መጨመር አላስፈለገኝም። ሁሉንም አንድ በአንድ ተረጎምኩ።

ፊታውራሪ በወንበራቸው ላይ ተቁነጠነጡ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ቀንስለት» አሉ።

«ምኑን ጌታዬ?»

«እግዜርን ነዋ! የመጣበትን እስካሁን አልነገረኝም እኮ።»

«ጌታዬ፣ የሰው ጸሎት እንዴት አድርጌ...»

«ለዚያኛው ስትጨምርለት አልነበር? ደግሞ በሩን ሲያሸት ያላየሁ መሰለህ?»

በላብ ተጠመቅኩ። «ታዲያ... ታዲያ ያን ለታ ያለቀሱት?»

ቆጣ ብለው አዩኝ። ይሄም ይጠየቃል ወይ በሚል ዓይን።

«ሕዝቡ እያየኝ ነበራ!»