አባባ በዶሃው ሙዚየም

ለወንድሜ ጦልሃ፣ የአላህ ሰላም ደሴ ባለው ቤትህ ሁሉ ላይ ይሁን። አባባን ይዤ እዚህ ኧርቪንግ ቤቴ በሰላም ገብቻለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።

ዶሃ ላይ ትራንዚቱ ረጅም ስለነበር የአገሩን ብሔራዊ ሙዚየም አሳየኋቸው። ምን ልበልህ፣ ግድግዳው በሙሉ ፊልም ነው! ሉል ፍለጋ ባሕር የሚጠልቁትን የድሮ ሰዎች ሲያዩ አባባ አፋቸውን ያዙ።

«ሱፍያን፣ ይህን ሁሉ የሚወርዱት በአንድ ትንፋሽ ነው? አጃኢብ!»

ለእንግዳ ያሰቡ ሰዎች ናቸው፤ በየክፍሉ መቀመጫ አለ። አንዱንም ሳንቀመጥበት አላለፍንም። የጠላቂዎቹን ፊልም ብቻ አራት ጊዜ አየነው። «ቀስ እያልን እንየው፣ ማን አባረረን?» አሉኝ፣ ክንዴን እንደያዙ።

ደረጃው እንዳይከብዳቸው ብዬ አፓርትመንቴን ከሦስተኛ ፎቅ ወደ ምድር ቤት ቀይሬያለሁ። አንተም የመምጫ ቪዛህን ነገር ከዒድ በኋላ ያልከውን ተወውና አሁኑኑ ጀምረው። አባባ ሲያዩህ ደስ ይላቸዋል።

ልጆቹን ሳምልኝ። አላህ ሁላችንንም በአንድ ቤት ያገናኘን።

ወንድምህ ሱፍያን