የቤተሰብ ችግር ተብለሃል

ውድ አባዬ፣

በፈጣሪ ፊት፣ በአንተ ፊትና እግሩ በሚነቃነቀው ጠረጴዛችን ፊት አንድ ከባድ ኃጢአት እናዘዛለሁ፦ የእማዬን ቦርሳ ከፍቻለሁ። ማስቲካ ፈልጌ ነበር። ያገኘሁት ግን የማስተርስ ማመልከቻዋን ነው።

ከሄድክ ዓመት ከአራት ወር ሆነህ። ቡራዩ አንተ የምታውቃት አይደለችም። አዲስ አበባ በማስተር ፕላን ወደ እኛ ልትሰፋ ነው ከተባለ ወዲህ ጎማ ይቃጠላል፣ ታክሲ ይቆማል፣ ትምህርት ቤት ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። እማዬ ክፍል ውስጥ በር ጓ ባለ ቁጥር ዴስክ ስር የሚገቡ ልጆች አሉ። «ፊደል ማስተማር ተምሬያለሁ፤ ልጅ ከዴስክ ስር ማውጣት ግን ማንም አላስተማረኝም» አለች። ስለዚህ ሳይኮሎጂ ልትማር ነው።

ታላቅ ወንድምህ ኦቦ ለሜሳ ይህን ሲሰሙ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። ጉባኤ መሆኑ ነው።

«ሳይኮ ማለት እብድ አይደል እንዴ? ደግሞስ ነጥብሽ ስንት ነው?»

«ሁለት ነጥብ ስድስት» አለች እማዬ ቀስ ብላ።

«ያ ዋቅ! ከመቶ?»

በሳቅ ፈነዳሁ፣ አባዬ ይሙት! (ይቅርታ፣ ልማድ ሆኖብኝ ነው።) ከአራት መሆኑን ባስረዳቸውም «ያው ያንሳል» አሉ። እሳቸው ስድስተኛ ክፍልን ሦስት ጊዜ መማራቸውን ገፈርሳ ውሃው ዳር እሸት እየጠረጠርን የነገርከኝ አንተ ነህ። ዝም ያልኩት ላንተ ስል ነው።

ያናደደኝ ግን ሌላ ነው። ማመልከቻው ላይ «ውጤቱ ዝቅተኛ ከሆነ ምክንያቱ ይገለጽ» ይልና ግማሽ ገጽ ባዶ ይተዋል። እማዬ ምን ጻፈች መሰለህ? «የቤተሰብ ችግር።» አለቀ!

አንተ እኮ ነህ ችግር የተባልከው! እሷ ሁለት ዓመት ከክፍል ሆስፒታል፣ ከሆስፒታል ማታ ትምህርት ስትሮጥ፣ ደብተሯን አልጋህ ላይ ዘርግታ ስታጠና፣ አንተ ትንፋሽ እያጠረህ ስትጠይቃት፣ እሷ ስትስት አልጋውን በጣትህ ስትመታ፣ ይህ ሁሉ በሁለት ቃል? በሰልስትህ ቀን ከነጥቁር ልብሷ ፈተና ስትቀመጥ ለቀስተኛው «ጉድ!» አለ። ያን ቀን ያመጣችው ሲ ከማን ኤ ያንሳል?

የአማርኛ አስተማሪያችን አራት ነጥብ ሐሳብ ይዘጋል፣ ሁለት ነጥብ ግን ሌላ ቃል ይመጣል ማለት ነው ይላሉ። እኔም ከእማዬ አራት ነጥብ ሁለቱን በነጭ ማጥፊያ ደፈንኩና ቀጠልኩ። በእሷ እጅ ጽሑፍ አስመስዬ ግማሽ ገጹን ሞላሁት። ማስገቢያው ነገ ያበቃል። መንገድ ከተከፈተ በታክሲ፣ ካልተከፈተ በእግሯ ትሄዳለች። ሌላ ፎርም የለም፤ ካበላሸሁትም ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

እኔ እያለሁ ማንም በሁለት ቃል አይጨርስህም፣ አባዬ። ስምህን፣ ሳቅህን፣ ያቺን አልጋ የምትመታ ጣትህን ሳይቀር ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አወራለሁ።

ወይኔ! እማዬ ማመልከቻውን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች። እያነበበች ነው። ግማሽ ገጽ እንዲህ ረጅም መሆኑን አላውቅም ነበር። አሁን ቀና አለች።

«ቦንቱ! በሰልስቱ ብቻ አይደለም፤ በቀብሩ ማግስትም ተፈትኛለሁ። ጨምሪበት።»