ከውሃ በታች የቀረው ሣር፦ የአቶ ወልደ የሱስ ገብረ ሥላሴ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወልደ የሱስ ከአባታቸው ከአቶ ገብረ ሥላሴ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርዝነሽ በጥቅምት ወር 1950 ዓ.ም. በመቱ ከተማ ተወለዱ። ወላጆቻቸው ከጉራጌ አገር መጥተው በመቱ ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች ስለ ነበሩ፣ ጉራጊኛውን በቤት፣ ኦሮምኛውን በደጅ ለመዱ። እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል በመቱ ተምረው በአባታቸው ሱቅ ሠሩ። በ1979 ዓ.ም. የኖፓ ተወላጅ ከሆኑት ከወይዘሮ ጥሩ ጋር ጋብቻ መሥርተው ጸጋአብንና ዳናዊትን አፈሩ።

በ1988 ዓ.ም. ወደ ኖፓ ተዛውረው የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር መጋዘን ኃላፊ ሆኑ። ዳፕና ዩሪያ የሚባለውን ማዳበሪያ ለገበሬው የሚያድሉት እርሳቸው ነበሩ። በቆሎው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ሲመጣ ያየ ሁሉ ይመርቃቸው ነበር።

ወይዘሮ ጥሩ ከአባታቸው በወረሱት መሬት ግርጌ ሐሮ መርጋ የሚባል ሐይቅ አለ። ጥልቀቱ ከሰው ደረት አያልፍም። ያን ጊዜ ውሃው ጥርት ያለ ስለ ነበር፣ ከሥሩ የበቀለው ሣር ነፋስ እንደ መታው ጤፍ ሲወዛወዝ፣ ዓሣውም በመካከሉ ሲሽሎከሎክ ከዳር ይታይ ነበር። በኋላ ግን ሣሩ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለበሰ። በቡና አገር ያልዘሩት ሣር ሁሉ አረም ነውና፣ አቶ ወልደ የሱስ «ውሃውን የሚያበላሸው ይኼ ነው» ብለው በ2001 ዓ.ም. የመንደሩን ሰው አስተባብረው ከነሥሩ አስነቀሉት። ቡና እንደሚታረም ሐይቁ ታረመ። ሰውም እጁን ታጥቦ፣ ተመራርቆ ወደ ቤቱ ገባ።

በቀጣዩ ክረምት ሐይቁ የተቀቀለ ጎመን ውሃ መሰለ። ዓሣው ሆዱን ወደ ሰማይ አድርጎ ተንሳፈፈ። የባዮሎጂ መምህር የሆነው ልጃቸው ጸጋአብ ለዕረፍት መጥቶ ነገሩን አስረዳቸው። ያ ዝልግልግ ነገር የሚፋፋው ዝናብ ከየማሳው አጥቦ በሚያወርደው ማዳበሪያ ነው፤ ብርሃኑን እየከለለ ሣሩን ያንቀዋል። ጭቃውን በሥሩ ይዞ ውሃውን ያጠራ የነበረው ግን ሣሩ ራሱ ነበር። አቶ ወልደ የሱስም «እንግዲያ በሽታ መስሎን ሐኪሙን ነቀልነው በለኛ!» አሉ።

ከዚያ ወዲያ ፍርሃት ከቤታቸው አልወጣም። ዝናብ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ማዕድ ትተው ይነሡ ነበር። ጎርፉ ከሐይቁ በፊት እንዲያርፍ ብለው የመሬታቸውን ግርጌ ማረስ ተዉ፤ ሣርና ቁጥቋጦም አበቀሉበት። ጎረቤታቸው ኦቦ አብደታ «ጋሼ፣ ለእንቁራሪት መሬት አወረሱ እንዴ?» ብለው ሲስቁባቸው፣ «እንቁራሪት የሸሸችውን ውሃ ጥጃህ ትችለዋለች ብለህ ነው?» ይሏቸው ነበር። በ2012 ዓ.ም. በጋ የኦቦ አብደታ ጥጃ ከዚያ አረንጓዴ ውሃ ጠጥታ ከዳሩ ሳትርቅ ወደቀች፤ አልተነሣችም። ኦቦ አብደታም ሣቁን ትተው የራሳቸውን ግርጌ ሳያርሱ አሳደሩ። የአቶ ወልደ የሱስ ልጅ ዳናዊት ግን እስከ ዛሬ ሕፃን ልጇ ዬሮሳን ከዓይኗ ከተሰወረች አስቀድማ የምትሮጠው ወደ ሐይቁ ነው።

ባለፈው ዓመት በምሥራቁ ጥግ ውሃው ትንሽ ጠርቶ፣ ከሥሩ ጥቂት ሣር ታየ። አቶ ወልደ የሱስ የልጅ ልጃቸውን አዝለው ሄደው አሳዩአት። እጇን ስትሰድድ «ተይው ልጄ፣ ገና አራስ ነው» አሏት።

ባደረባቸው ሕመም በመቱ ሲታከሙ ቆዩ። ሐኪሞቹ ልብ ነው ቢሉም፣ ቤተሰቡ «ውሃው ይሆን?» ማለቱን አልተወም። እርሳቸው ስለ ራሳቸው አልጠየቁም። ጠያቂ በገባ ቁጥር «ግርጌው ታረሰ?» ይሉ ነበር። ግንቦት 23 ቀን 2017 ዓ.ም. በተወለዱ በ67 ዓመታቸው ይህን ዓለም ተሰናበቱ።

አቶ ወልደ የሱስ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ጥሩን፣ ልጆቻቸውን ጸጋአብንና ዳናዊትን፣ የልጅ ልጃቸውን ዬሮሳንን፣ በሐሮ መርጋም ምሥራቃዊ ጥግ እቅፍ የማይሞላ ሣር ትተው አልፈዋል። ክረምቱ ደርሷል፤ ዩሪያውም ሊበተን ነው። ግርጌውን የሚጠብቅ ዓይን ዛሬ ተከድኗል። ለቀብራቸው የመጣችሁ ወዳጆች ሆይ፣ በእርሳቸው ላይ አፈር ስንመልስ በሣሩም ላይ እንዳንመልስ ቤተሰቡ እየፈራ ይለምናችኋል።

አምላክ ነፍሳቸውን ሥሩ በሚታይ ጥርት ያለ ውሃ አጠገብ ያሳርፍልን፤ ልጆቻችንንም ከደጃችን ውሃ ይጠብቅልን። አሜን።