የፖድላሼ አሸዋ

...ጣትህን ካርታው ላይ አሳርፈህ፣ አፍህ ውስጥ ያለውን ቴምር ሳትውጥ፣ «እዚህ ማንም አይሄድም» አልክ። የፖላንድ ምሥራቃዊ ጫፍ ነበር፣ አረንጓዴ ቀለም የበዛበት። እኔ ሰሃን እያጠብኩ ነበር፤ እጄን ሳላደርቅ መጣሁ። ከጣቴ የወረደው ጠብታ ወረቀቱን አሳበጠው፣ እስካሁን ያ ቦታ ከፍ ብሎ ይታያል። ከዚያ ልትነግረኝ የፈለግከው ነገር ያለ ይመስል ወደ እኔ ዞርክ። ከዚያ...

አልጨረስከውም።

ጀማልዬ፣ የሂባ አባት፤ ከተለየኸን ሁለተኛው የበረዶ ወራት አለፈ። ግቢው ውስጥ ያለው በረዶ ቀልጦ ካለቀ ገና ሳምንቱ ነው፤ ከአጥሩ ጥግ የቀረችው ጥቁር ክምር ብቻ እምቢ ብላ ነበር፣ እሷም ትናንት ሄደች።

ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ሶፋውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ሂባ መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ከሥራ ስትወስደኝ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ቀይ መብራት በያዘን ቁጥር እንደ አንተ መሪውን በጣቷ ትመታለች። እንድትተወው ልነግራት እልና አልነግራትም። ምድር ቤቱ ውሃ አስገብቶ ነበር፣ ተጠገነ። ካርታው ከኩሽናው ግድግዳ አልወረደም። ሰው ሲመጣ ያየዋል፣ ከዚያ እኔን ያያል፣ ከዚያ ስለ አየሩ ያወራል።

ድሮስ የብስክሌት ጉዟችን መቼ ገብቷቸው። ወንድምህ ከሊል፣ «ሰው ከብስክሌት ወደ መኪና ያድጋል፣ እናንተ ከመኪና ወደ ብስክሌት ትወርዳላችሁ» ይለን ነበር። ሚስቱ ደግሞ፣ አውሮፓ ድረስ ሄደው ፓሪስን ሳያዩ መመለስ በጤና አይደለም ትል ነበር። ቱስካኒ እንኳ፣ ፕሮቫንስ እንኳ፣ ስሙ የሚታወቅ ቦታ። አንተ ቀኑን ሙሉ በቫን መንገደኛ ስታመላልስ ስለምትውል መልስህ ዝግጁ ነበር፦ «ሰው ሁሉ የሚሄድበትን ቦታ እኔ አውቀዋለሁ፣ ኤርፖርት ይባላል።»

ያን የመጨረሻህን የበረዶ ወራት በሙሉ በብስክሌት የምንዞርበትን ቦታ ስንመርጥ ከረምን። እኔ የምንመርጥ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ ፖርቱጋል ነበር፣ አሌንቴዦ። ቱሪስቱ ወደ ባሕሩ ሲሮጥ ጥሎት የሚያልፈው፣ የቡሽ ዛፍ አገር። ከቤተ መጻሕፍት ባመጣነው መጽሐፍ ላይ መንደር ከመንደር ምን ያህል እንደሚርቅ በክር ለካን። በሳምንቱ ተውከው፤ በበጋ ድንጋዩ ይቀልጣል፣ የድሬዳዋ ሙቀት ለዕድሜዬ ይበቃኛል አልክ። እሺ። ከዚያ ድራቫ፣ ከኦስትሪያ ወደ ስሎቬኒያ የሚወርደው ወንዝ። ዳር ዳሩን የተሠራ መንገድ አለው፣ ለእንደኔ ዓይነቷ ጀማሪ የሚሆን። «ወንዝ ተከትሎ ቁልቁል መውረድ ጎርፍ እንጂ ብስክሌት አይባልም» አልክ፣ ሳቅኩ። ከዚያ ፕሬክሙርዬ፣ በሃንጋሪ ድንበር ያለው ሜዳ፣ ሽመላዎች በየመብራት ምሰሶው ላይ ጎጆ የሚሠሩበት። ሜዳ ብቻ ሲሆን ዓይን ይደክማል አልክ። እንዲህ መራጭ ሆነህ፣ ሚስት ስትፈልግ እኔን እንዴት መረጥከኝ ብዬ አሾፍኩብህ።

ያን ጊዜ አልሳቅክም። አስተውዬ ነበር። አስተውዬ ወደ ሰሃኑ ተመለስኩ።

ፖድላሼ ላይ ግን ሰበብ አጣህ። የጥድ ጫካ ነው፣ ብዙ ዳገት የለውም፣ ከብዙ ዘመን በፊት የታታር ሙስሊሞች የሰፈሩባቸው መንደሮች አሉት። ከእንጨት የተሠራ አረንጓዴ መስጊድ አለ፣ በፖላንድ ገጠር መሃል። ፎቶውን ሳየው አላመንኩም። ብስክሌቶቹን አጥሩ ላይ አስደግፈን ጁምዓን እዚያ እንሰግዳለን አልኩህ። ማንም አይሄድም ያልከው ስለዚያ ቦታ ነው። ወደ እኔ ዞረህ ነገሩን የተውከው ያኔ ነው። ብዙ ቆይተህ የተናገርከው ይህን ነበር፦ «መንገዱ አሸዋ ነው።»

አሸዋ ከሆነ ሰፊ ጎማ ይደረጋል። በነጋታው ከሥራ ስወጣ ገዛሁ፣ ለአንተ ጥንድ፣ ለእኔ ጥንድ። ቅዳሜ ከሰዓት ጋራዥ ገብተህ የእኔን ገጠምክ። ረጅም ጊዜ ወሰደብህ። መሃል ላይ ባልዲ ገልብጠህ ተቀመጥክ፤ ሻይ ይዤልህ ስመጣ ተነሣህ። የአንተን ጥንድ ግድግዳው ላይ ሰቀልከው። ቀስ ብዬ አደርገዋለሁ አልክ።

ከቀብርህ በኋላ፣ ለቀስተኛው ሲሳሳ፣ ከሊል ሊያጽናናኝ መጣ። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ፣ ስጦታ እንደሚያቀብል ሰው፣ «እህቴ፣ ራስሽን አትውቀሺ» አለኝ። «ከረመዳን በፊት ነው ያወቀው። ሐኪሙ የጉበቱን ነገር ሲነግረው አብሬው ነበርኩ። እንዳልነግርሽ አስምሎኝ ነው። ለአንቺ አዝኖልሽ።»

ከረመዳን በፊት። አሌንቴዦ ከረመዳን በኋላ ነው። ድራቫም። ሁሉም።

እኛ እንዲህ ነን፣ አውቃለሁ። ሰው ሲያመው ደከመው እንላለን፣ ሲሞት አመመው እንላለን። መርዶ እንኳ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በር ተንኳክቶ፣ የሚሰማው ሰው ፊታቸውን አይቶ ራሱ እስኪደርስበት ነው የሚጠበቀው። ከሊል ባህሉን አደረገ፣ በእሱ አልፈርድም። አንተ ግን የቱሪስት ሰልፍ ስለምትጠላ ሰው ያልረገጠውን ጥግ የምትፈልግ ሰው ነበርክ። እኔን ስትሸኝ ግን ሁሉም በሚሄድበት መንገድ ሸኘኸኝ።

ደግሞም በሽተኛ መንከባከብ ሥራዬ ነው። እዚህ አውሮራ ከተማ፣ አረጋውያን መጦሪያ ቤት ውስጥ፣ ጉበት ያሳበጠውን እግር ከኮሪደሩ ጫፍ አውቃለሁ። ይህን ስለምታውቅ ቤት ውስጥ ካልሲ ማድረግ ጀመርክ። ብርድ ነው አልክ። ማሞቂያውን ከፍ አደረግኩልህ። ላብ በግንባርህ እየወረደ ተቀመጥክ እንጂ ካልሲውን አላወለቅክም። ስንት ምሽት እንደዚያ ተቀመጥን፣ ሦስታችንም እየሞቀን፣ ሂባ መስኮት ስትከፍት አንተ ስታስዘጋት።

ሎውሪን አስብ ነበር ሰሞኑን። የድሮው የአየር ኃይል ግቢ፣ አዲሶቹ ቤቶች ሳይሠሩ፣ ያ ባዶ አስፋልት። በዚያ ዕድሜዬ፣ ሻሼ ላይ የራስ ቁር ደፍቼ፣ አንተ ኮርቻውን ከኋላ ይዘህ እየሮጥክ። ስትለቀኝ እንድትነግረኝ አስምዬህ ነበር። ነገርከኝ። «ለቀቅኩሽ» አልክ፣ ወደቅኩም፣ ጉልበቴ ተላጠ። መኪና ውስጥ ደሜን እየጠረግክልኝ፣ ባልነግርሽ ኖሮ ትሄጂ ነበር አልክ። እንደ ዋዛ። ከዚያች ቀን የተማርከው ይህን ከሆነ፣ ጀማል፣ ተሳስተሃል። የወደቅኩት ስለነገርከኝ አይደለም። አስፋልቱ ተሰንጥቆ ነበር። ስንጥቁን ሳየው ነበር የመጣሁት። ያኔ ልነግርህ አልፈለግኩም፣ ጥፋቱን ለራስህ ስትወስድ ደስ ብሎኝ ነበር።

ብትነግረኝ ምን አደርግ ነበር? ይህን ጥያቄ ከሊልም ጠይቆኛል፣ መልስ የሌለው ይመስል። መልስ አለው። በዚያው መከር፣ በረዶው ሳይገባ፣ አንተ ገና ደረጃ ስትወጣ ሳታርፍ፣ አሌንቴዦ እንሄድ ነበር። በመከር ድንጋዩ አይቀልጥም። ብስክሌቱ ቢያቅትህ በአውቶቡስ፣ አውቶቡሱ ቢያቅትህ አንድ መንደር ውስጥ ተቀምጠን፣ ሰው ሲያልፍ እያየን። ማንም የማያውቀን ቦታ። አላለቅስም ነበር አልልህም። ካርታ ፊት እንድቆም ከምታደርገኝ እዚያ ባለቅስ ይሻል ነበር።

እና ቲኬት ቆርጫለሁ። ለሰኔ። ዋርሶ ድረስ፣ ከዚያ በባቡር ወደ ምሥራቅ። ብቻዬን ነው፤ ሂባ ከከሊል ልጆች ጋር ትቆያለች። ስነግራት ከስልኳ ቀና ብላ «ጎ፣ ማሚ» አለች።

ከሊል ግን ከሰማ ወዲህ እንቅልፍ የለውም። ባል የሞተባት ሴት በሰው አገር ጫካ ብቻዋን፣ ሰው ምን ይላል አለ። የትኛው ሰው፣ ማንም የማይሄድበት ነው አልኩት። በሦስተኛው ቀን ደውሎ፣ ወደ ድሬዳዋ የሚሄድ ኮንቴይነር ተገኝቷል፣ ሁለቱንም ብስክሌቶች ለነፍስህ ሰደቃ እንላካቸው አለ። ይኸው ሁለተኛ ዓመትህ፣ ሰደቃው ትዝ ያለው ስለ ቲኬቱ ከሰማ በኋላ ነው። ያንተን መስጠት አለብኝ፣ በድሬዳዋ ሜዳ አንድ ሰው ይንዳት፣ አጅሩም ለአንተ ይሁን። የእኔን ሲጠይቀኝ ግን ዝም አልኩ። ዝምታዬን እሺታ ብሎ ወስዶታል፤ ይህም የእናንተ ወገን ልማድ ነው።

እንዳልረሳህ ልምል ነበር። እምላለሁም፣ ግን አንተ በምትወደው መንገድ አይደለም። ሰው ሲጠይቀኝ ደግ ነበር እላለሁ፣ ነበርክም። አሸዋው ላይ ስደርስ ግን እያንዳንዱን ሰበብ እያነሣሁ እሄዳለሁ፤ ቁልቁለት ሲገጥመኝ ጎርፉን፣ ሽመላ ሳይ የደከመ ዓይንህን። መስጊዱ አጥር ጋ አንድ ብስክሌት ብቻ አስደግፌ ዱዓ አደርግልሃለሁ፣ ከዚያ በአማርኛ፣ ማንም በማይሰማበት፣ የቀረውን እነግርሃለሁ። እኔ ሳልነግርህ አልሸኝህም።

የከሊል ቫን መጣ። ሂባ ወርዳ ጋራዡን ስትከፍትለት ከዚህ ይሰማኛል፤ ወለሉ በእግሬ ሥር ይንቀጠቀጣል። ያንተን አወጣት መሰለኝ፣ ሰንሰለቷ ደርቆ ይንጫጫል። ሁለተኛዋስ ይላል። እናትሽ ሁለቱንም ብላለች ይላል። አላልኩም።

«ኦንሊ ዋን፣ አንክል» ትላለች ልጅህ፣ አንዷን ብቻ።

ልወርድ ተነሣሁ፣ ብዕሩን እንደያዝኩ ቆምኩ። ከሊል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይኼ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ጎማስ የማን ነው?» አለ። ያንተን ብቻ ቫኑ ላይ ሲጭን ይሰማኛል።

የጋራዡ በር ወርዶ ተዘጋ።