በአሰላ ክረምት የሰው ልብስ ሲያደርቁ የኖሩት የአቶ እንደሻው ኃይለየሱስ የሕይወት ታሪክ

ሐምሌ 23 ቀን 1985 ዓ.ም. ዓርብ ዕለት፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ገደማ፣ አሰላ ከተማ በአቶ እንደሻው ኃይለየሱስ በገዛ ግቢያቸው በተተከለ የእድር ድንኳን ውስጥ፣ የባለቤታቸው ታላቅ ወንድም አቶ ይበልጣል ወልደ ጊዮርጊስ ከተቀመጡበት ተነሥተው፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ አቶ እንደሻውን «የልጁን ጨርቅ ማድረቅ ያቃተው አባት፣ ዛሬ እንደ ሰው ለቅሶ ተቀባይ ሆኖ ተቀምጧል» ብለው ሰደቧቸው። የበኩር ልጃቸው ሕፃን ወልደጻድቅ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን መሆኑ ነው። የሕይወት ታሪክ ከልደት እንደሚጀመር ቤተሰቡ አይጠፋውም። ነገር ግን እኚህን ሰው ዕድሜያቸውን ሙሉ ምን ሲያባርራቸው እንደኖረ ያላወቀ፣ የት ተወለዱ የት ተማሩ ቢባልለት ምንም አይገባውም። ስለዚህ ከዚያች ዓርብ ተጀመረ። ቅር የሚለው ካለ ይበለው።

አቶ እንደሻው ከአባታቸው ከአቶ ኃይለየሱስ ደባልቄ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ የሺመቤት አንዳርጌ ጥር 6 ቀን 1956 ዓ.ም. በጮሌ ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ እዚያው ጮሌ ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ተምረዋል። በስምንተኛ ክፍል ፈተና ከወረዳው ሁለተኛ የወጡ ሲሆን፣ ለሙያ ትምህርት ቤት የመጣው ዕድል ግን ለአሥራ አንደኛው ተሰጠ። የማን ልጅ እንደነበረ የጮሌ ሰው ያውቀዋል፤ እዚህ መጻፍ አያስፈልግም።

በ1972 ዓ.ም. ወደ ኢተያ ወርደው የስንዴ ማጨጃና መውቂያ በሆነው በኮምባይነር ጥገና ሥራ ተቀጠሩ። ግራሶ ከመቀባት ጀምረው በሦስት ዓመት ውስጥ የኮምባይነሩን ሆድ ዕቃ ዓይናቸውን ጨፍነው የሚፈቱና የሚገጥሙ ሆኑ። ከምንም በላይ የሚወዱት ገለባውን ከስንዴው ለይቶ የሚያበርረውን ማራገቢያ ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው ያልተለዩዋቸውን ወዳጃቸውን አቶ ከዲሮ ሀሰኖንም ያገኙት በዚሁ ቦታ፣ ከአንድ ኮምባይነር ሥር ተጋድመው ነው። በ1981 ዓ.ም. ሁለቱ ወደ አሰላ መጥተው የብየዳ ቤት ከፈቱ። ጥር 12 ቀን 1983 ዓ.ም. አቶ እንደሻው ወይዘሮ አበባ ወልደ ጊዮርጊስን በሥርዓተ ቤተ ክርስቲያን አገቡ። የሙሽራዋ ቤተሰብ «በያጅ» እያሉ ያሟቸው ነበር፤ ይኸውም ይታወቃል።

ሰኔ 1985 ዓ.ም. ሕፃን ወልደጻድቅ ተወለደ። የዚያን ዓመት ክረምት የሚያስታውስ ሰው እዚህ ድንኳን ውስጥ አይጠፋም። ከጭላሎ ተራራ የወረደው ጉም ከቤት ጣሪያ ላይ አልነሣ ብሎ፣ ፀሐይ ለአሥራ ሁለት ቀን አልታየችም። የታጠበ ልብስ እንደተሰጣ ይሸት ነበር። የሕፃኑ የሽንት ጨርቅ ከቤት ውስጥ በገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ በከሰል ፍም ላይ እየተያዘ ነበር የሚለበሰው። ሕፃኑ በአርባ ቀኑ ተጠመቀ፤ በአርባ ሦስተኛው ቀን አረፈ። ሐኪሙ የሳንባ ምች ነው አሉ። ከጨርቁ ነው ግን አላሉም። ከጨርቁ ነው ያሉት አቶ ይበልጣል ናቸው።

አቶ እንደሻው በዚያች ዓርብ የተናገሩት ነገር የለም። ወይዘሮ አበባም ከሴቶቹ መካከል ተቀምጠው ወንድማቸውን «ተው» አላሉም። ስድቡ ራሱ ያልፍ ነበር። ያላለፈው ይህ ዝምታ ነው። አቶ እንደሻው አንድ ቀን ብየዳ ቤቱ ውስጥ ለአቶ ከዲሮ፦

«አበባም እንደ ወንድሟ ታስብ ይሆን?» አሏቸው።

«ጠይቃታ! ምላስ የለህም እንዴ?»

«አዎ ብትለኝስ?»

አቶ ከዲሮ ወደ ብየዳቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ የመጣው ሥራ ሁሉ፣ ሰው ብልኃት ነው፣ ፈጠራ ነው ያለው ሁሉ፣ ያንን አንድ ጥያቄ መጠየቅ ያቃተው ሰው ሥራ ነው።

መስከረም 1986 ዓ.ም. ዝናቡ ቆሞ፣ ማንም ልብስ ማድረቂያ በማይፈልግበት ወር፣ አቶ እንደሻው አንድ የናፍጣ በርሜል አጥበው ዙሪያውን በሚስማር በሱት። በመሐሉ ብረት አሳልፈው፣ እጀታ በይደው፣ ከእሳት በላይ አጋድመው በእጃቸው ያዞሩ ጀመር። አንሶላው ደረቀ፤ ነገር ግን ጥላሸት ለብሶ፣ ጭስ ጭስ እየሸተተ ወጣ። አቶ ከዲሮ አንሥተው አሸተቱትና «ወላሂ ይሄ አንሶላ አይደለም፣ ቋንጣ ነው!» ብለው ሲስቁ፣ አቶ እንደሻውም ልጃቸው ካረፈ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ጭሱን ለማስቀረት ደግሞ ቀዳዳውን ሁሉ ደፈኑት። ይህ የባሰ ሆነ። ልብሱ እንፋሎት እየተነሣው፣ እጅ እያቃጠለ ወጣ፤ ሲቀዘቅዝ ግን ገና ተጨምቆ እንደወጣ እርጥብ ነበር። አቶ እንደሻው ሁለት ቀን ሙሉ በርሜሉ አጠገብ ቁጭ ብለው አሰቡ። ያገኙት ነገር ይህ ነው፦ ሙቀት ውኃውን ከጨርቁ ያስወጣዋል እንጂ ከበርሜሉ አያስወጣውም። መውጫ ያጣ እንፋሎት ተመልሶ እዚያው ጨርቅ ላይ ይቀመጣል። የሚያደርቀው የሚሄድ አየር ነው። ደረቅ ሆኖ ገብቶ፣ እርጥበቱን ተሸክሞ የሚወጣ አየር ያስፈልጋል።

ኢተያ ሄደው ከወዳደቀ ኮምባይነር ላይ ያንን የሚወዱትን ማራገቢያ ፈትተው አመጡ። እሳቱን የራሱ ጭስ ማውጫ ባለው የብረት ሣጥን ዘግተው፣ አየሩ ሣጥኑን እየነካ እንዲሞቅና ጭሱን ሳይነካ ወደ በርሜሉ እንዲገባ አደረጉ። ከበርሜሉ በስተኋላ ደግሞ እርጥቡ አየር ወደ ውጭ የሚወጣበት ቱቦ ገጠሙ። በርሜሉ ውስጥ ሦስት የብረት ክንፎች በየዱ፤ ክንፎቹ ልብሱን ወደ ላይ አንሥተው ይጥሉታል፣ ሲወድቅ አየሩ በመሐሉ ያልፋል። ፍጥነቱን ለማግኘት ወራት ፈጀ። በርሜሉ ሲፈጥን ልብሱ ከግድግዳው ተጣብቆ ይቀራል፤ ሲዘገይ ተድቦልቡሎ አንድ ጥቅል ይሆናል። በየደቂቃው ሃምሳ ጊዜ ሲዞር ልክ ሆነ። በኋላ በእጀታው ፈንታ ሞተርና ዙሩን ለበርሜሉ የሚያደርስ ችንጋ፣ በከሰሉ ፈንታ ሬዚስታንስ የሚባለው የኤሌክትሪክ ምጣድ ማሞቂያ ሽቦ፣ ሙቀቱ ሲበዛ መብራቱን የሚቆርጥ ቴርሞስታትም ገባ። በ1991 ዓ.ም. ከልብስ የሚረግፈው ብናኝ ቱቦው ውስጥ ተጠራቅሞ እሳት ተነሥቶ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ በቱቦው አፍ ላይ ወንፊት አድርገው፣ ልብስ በወጣ ቁጥር ሳይጠርጉት ሌላ አያስገቡም ነበር።

የልብስ ማድረቂያ ቤቱን በ1990 ዓ.ም. በይፋ ሲከፍቱ «አበባ ልብስ እጥበትና ማድረቂያ» ብለው ሰየሙት። ወይዘሮ አበባ በየቀኑ እዚያው አብረዋቸው ይሠሩ ነበር፤ ስሙ ለምን የእርሳቸው እንደሆነ ግን አልጠየቁም። አቶ እንደሻውም አልነገሯቸውም። እንዲህ ሆነው አንድ ጣሪያ ሥር አረጁ።

ከሲሬም ከኢተያም በክረምት ልብስ ጭኖ የሚመጣ ሰው ብዙ ነበር። የአራስ ቤት ጨርቅ ቀድሞ ይገባል፤ ስንት ነው አይባልበትም። ሰው ሁሉ አንድ ስሕተት አለው፦ ልብሱን ትኩሱን ከበርሜሉ አውጥቶ በእጁ ነክቶ «ደርቋል!» ይላል። አቶ እንደሻው «እትዬ፣ ሞቀ እንጂ አልደረቀም። ይቆዩ፣ ይቀዝቅዝልዎት» ይሉና አግዳሚው ላይ ያስቀምጧቸዋል። ጨርቁ ሲቀዘቅዝ ጉንጫቸው ላይ አድርገው ይመረምሩታል፤ ቅዝቃዜውና እርጥበቱ የሚለየው ያኔ ነው። የቸኮለ ባለጉዳይ «ይሄ ሰውዬ ልብስ ነው የሚያደርቀው ወይስ ሰው?» እያለ ይነጫነጫል። አቶ ይበልጣልም ብርድ ልብሳቸውን በሌላ ሰው ስም እየላኩ ያስደርቁ ነበር። አቶ እንደሻው የማን እንደሆነ እያወቁ፣ አድርቀው፣ አጣጥፈው መልሰዋል።

በ2009 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ምሕንድስና ትማር የነበረችው ልጃቸው ትንቢት ለክረምት ስትመጣ የዚህን መሣሪያ ታሪክ አንብባ መጣች። «አባዬ፣ የመጀመሪያው በርሜልህ እኮ ድሮ ተሠርቷል። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት አንድ ፈረንሳዊ የተበሳ በርሜል ከእሳት በላይ በእጁ ያዞር ነበር። የእሱም ልብስ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር» አለቻቸው። ቀጥላም ስለ አንድ አሜሪካዊ ነገረቻቸው። እናቱ በበረዶ ልብስ ስታሰጣ እያየ አንጀቱ ስላልቻለ፣ መጀመሪያ በምድጃ የሚሞቅ ጎጆ ሠራላት፣ ቀጥሎ በርሜል ሠራ፤ ፋብሪካ እስኪቀበለው ድረስ ብዙ ዓመት ተንከራተተ። ዛሬ ደግሞ ጭራሽ ቱቦ የሌለው መጥቷል፤ እርጥቡን አየር እዚያው አቀዝቅዞ ውኃውን በሣጥን ያጠራቅምና፣ ያንኑ አየር መልሶ ያሞቀዋል።

አቶ እንደሻው እስከ መጨረሻው ሰምተው «ያ ልጅ ለእናቱ ደረሰላት?» ብለው ጠየቁ።

«እኔንጃ፤ የደረሰላት ይመስለኛል አባዬ።»

«ጎበዝ ነው» አሉና ወንፊቱን መጥረግ ጀመሩ። ትንቢት ይህን ስትናገር ዛሬም ታለቅሳለች።

ከጥቂት ዓመት በኋላ በከተማው በተደረገ አንድ ባዛር፣ ቱቦ የሌለውን ማድረቂያ ያስመጣ ነጋዴ «በከተማችን የመጀመሪያው» ተብሎ ሲጨበጨብለት፣ አቶ እንደሻው ከኋላ ቆመው አብረው አጨብጭበዋል። ታናሽ ወንድማቸው አሰግድ «ተናገር እንጂ!» ቢላቸው፣ «ምን ብዬ? እኔ ዘግይቼ ነው የደረስኩት» ብለው መለሱለት።

ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ሳል ያዛቸው። ሐኪሞች ሳንባቸው ለብዙ ዓመት በገባበት ጭስና የጨርቅ ብናኝ ተጎድቷል አሉ። ቤተሰቡ ያለውን አድርጓል፤ አዲስ አበባም ተመላልሰዋል። ሥራውን ተው ሲባሉ በርጩማ አስቀርበው ከመሣሪያው አጠገብ ይቀመጡ ነበር። ሕመሙ እየጠናባቸው ሄዶ ነሐሴ 11 ቀን 2017 ዓ.ም. እሑድ ጠዋት በተወለዱ በ61 ዓመታቸው አርፈዋል። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበባ፣ ልጆቻቸው ትንቢትና ሶፊ፣ አንዲት የልጅ ልጅ፣ ታናሽ ወንድማቸው አሰግድ፣ ከወንድም የማይተናነሱት አቶ ከዲሮ ሀሰኖም ቀርተዋል። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን ብርድ በማይገባበት ያሳርፍልን። ሳይጠገብ ከሄደው ሕፃን ጋር ያገናኝልን። በዚህ ዝናብ ለመጣችሁልን ሁሉ ብድራችሁን በደስታ ይመልስላችሁ።

ጽሑፉ እዚህ ላይ ያልቅ ነበር። ትናንት ከሰዓት ለወይዘሮ አበባ ሲነበብላቸው፣ የወንድማቸው ነገር ይውጣ ይላሉ ተብሎ ተፈርቶ ነበር። እርሳቸው ግን «የኔ ጎድሏል። ጻፈው አሰግድ፤ እኔ ቁጭ ብዬ እየሰማሁ ይነበብ» አሉ። እንዳሉት ተጽፏል።

ሐምሌ 30 ቀን ነው፤ ካረፉበት ቀን አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ። አንዲት አራስ የልጇን ጨርቅ ትኩሱን አንሥታ «ደርቋል ጋሼ» ስትል፣ አቶ እንደሻው እምብዛም በማይሰማ ድምፅ «ሞቀ እንጂ አልደረቀም ልጄ» አሏት። ሴትዮዋ ጠብቃ፣ ተቀብላ ሄደች። ወይዘሮ አበባ የሚያጣጥፉትን አስቀመጡ።

«እንደሻው፣ ይህን ቃል ሠላሳ ሁለት ዓመት ለእኔ ነው የምትለው?»

አቶ እንደሻው ቀና ብለው አዩዋቸው።

«ልጃችን የታመመ ዕለት ጠዋት ጨርቁ ደርቋል ወይ ብለህ ጠየቅኸኝ። ደርቋል አልኩህ። ከከሰሉ ላይ አንሥቼ ሳቅፈው ሞቀኝ፣ እውነትም የደረቀ መስሎኝ ነበር። በኋላ ልለውጠው ስፈታው ቀዝቅዞ እርጥብ ነው። ይበልጣል ሲሰድብህ፣ ያለበስኩት እኔ ነኝ ማለት ነበረብኝ። ያንተ ጥፋት ነው ብዬ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም። አፌ ነው የተያዘ። ይቅር በለኝ።»

አቶ እንደሻው ይህን ነገር እስኪያርፉ ድረስ መልሰው አላነሡትም፤ ይቅር ብለው ይሁን ከብዷቸው፣ ወይዘሮ አበባም አያውቁም፣ ይህን የጻፈውም አያውቅም። የታየው ይህ ብቻ ነው። አቶ እንደሻው መሣሪያው ዞሮ እስኪያቆም ጠበቁ። ግድግዳውን ይዘው ከበርጩማው ተነሡ። በባለቤታቸው አጠገብ ሲያልፉ ቆም አሉ። ከዚያ ነጠላቸውን እንኳ ሳይደርቡ፣ በሩን ገፋ አድርገው ወደ ዝናቡ ወጡ።