ጥናቱን ያላቋረጡት ወይዘሮ አመለወርቅ

ወይዘሮ አመለወርቅ ገብረክርስቶስ ከሸዋ መጥተው ለውዝ ይነግዱ ከነበሩት ከአባታቸው ከአቶ ገብረክርስቶስና ከእናታቸው ከወይዘሮ በላይነሽ ቸርነት በ1964 ዓ.ም. በባቢሌ ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን እዚያው፣ ሁለተኛ ደረጃን ሐረር ተምረዋል። በ1986 ዓ.ም. ከአቶ መልአክ ጋር በተክሊል ተጋብተው ጅጅጋ ገቡ፤ ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ፤ የጨርቅ ሱቅ ከፈቱ። በ2010 ዓ.ም. ሱቃቸው ሲዘረፍ ብዙ ሰው ከተማውን ለቆ ሄደ፤ እሳቸው አልሄዱም። ጎረቤታቸው ወይዘሮ ሻሚስ ከራሳቸው ሱቅ ግማሹን ለቀቁላቸውና እንደገና ጀመሩ። እኅታችን የጀመሩትን ጥለው የሚሄዱ ሴት አልነበሩም፤ ይህ ይያዝልን።

በ2013 ዓ.ም. አንገታቸው ላይ እብጠት ወጣ። ለቀዶ ሕክምና ሻንጣቸውን ካዘጋጁ በኋላ፣ እብጠት ያሳንሳል የተባለ ክኒን የሚያጠና አንድ ሐኪም “ቀዶ ጥገናው ይቆይ” ብሎ ጥናቱ ውስጥ አስገባቸው። በየወሩ በባጃጅ እየሄዱ በአልትራሳውንድ ተለኩ። እብጠቱ ግን አደገ። በጠየቁ ቁጥር “ይቀንሳል፣ ታገሡ” ተባሉ። ታገሡ።

በ2015 ዓ.ም. ውጤቱ በአዳራሽ ሲነገር ሳይጋበዙ ሄዱ። እብጠቱ በአማካይ ጉልህ ቅናሽ አሳየ ተባለ፤ ተጨበጨበ። ያደገባቸው ታካሚዎች ደግሞ “በፈቃዳቸው ያቋረጡ” ተብለው ከስሌቱ ወጥተዋል። ዓይን ያወጣ ውሸት! ወይዘሮ አመለወርቅ ተነሥተው ሻርፓቸውን ከአንገታቸው ፈቱና መቼ እንዳቋረጡ ሐኪሙን ጠየቁት። ወረቀቱን ሰብስቦ ከመድረክ ወረደ።

አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች የቀዶ ጥገናው ጊዜ እንዳለፈ ነገሯቸው። ከዚያ ወዲህም በየወሩ በቀጠሯቸው ቀን የሐኪሙ በር ላይ እየተቀመጡ፣ “ልለካ መጣሁ፤ አላቋረጥኩም” ይሉት ነበር። እንዲያስወጣቸው የታዘዘው ዘበኛ ጃማ ወንበር ያቀርብላቸው ነበር፤ እግዜር ይስጠው።

ትንፋሽ እያጠራቸው ቆይተው ግንቦት 11 ቀን 2016 ዓ.ም. በ52 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸው፣ ልጆቻቸው፣ ይህን የጻፈው ታናሽ ወንድማቸውና ወይዘሮ ሻሚስ ያለቅሳሉ። ሐኪሙም ጥቁር ለብሶ ከቀባሪው መካከል ቆሟል። ቦታ ልቀቁለት፤ ወደፊት ቀርቦ በደንብ ይስማ።

ፈጣሪ የእኅታችንን ነፍስ ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን። ለሐኪሙም ረጅም ዕድሜ ይስጠው። የወይዘሮ አመለወርቅ ቀጣይ ቀጠሮ ሰኞ ነው፤ ልጆቻቸው ይሄዳሉ።