በማይክሮፎን ጀምሬ ያልጨረስኩት ምስጋና

ለክቡር አቶ ሙሕሲን፣
የ«ቀይ ጎማ» ጌም ሥራ ድርጅት መሥራች፣ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣ ዋና ንድፍ አውጪና ገንዘብ ያዥ፣
ራስ ዲካ፣ ባሕሩን የሚያየው ቢሮ፣ ጅቡቲ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤና እንዲያገኝዎት፣ የቢሮዎ አየር ማቀዝቀዣም እንደ እርስዎ ጤነኛ ሆኖ እንዲቆይልዎት ከልቤ እመኛለሁ። እኛ በሰፈራችን በካርቲየ ሰባት ደህና ነን። መብራት ሲጠፋ ይሞቀናል፤ ሲመጣ የእርስዎን ወርኃዊ መልእክት እናነባለን፤ በሁለቱም ጊዜ ያልበናል።

ማን እንደሆንኩ ላስታውስዎት። የከባድ መኪና ሹፌር የነበረው የጀንበሬ ልጅ መስከረም ነኝ። ባለፈው ወር ካርቲየ አራት በሚገኘው ምግብ ቤት የደጋፊዎች ቀን ባዘጋጁ ጊዜ፣ ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ ቆሜ ሳለ፣ አስተናባሪዎ ማይክሮፎኑን በድንገት አፌ ላይ የደቀነብኝ ልጅ ነኝ። ልጠይቅዎ ያሰብኩትን ከቤት እስከዚያ ድረስ በልቤ እየደጋገምኩ ነበር የመጣሁት። ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያየኝ ግን ጥያቄው ጠፋብኝና «እናመሰግናለን» ብዬ ማይክሮፎኑን መለስኩ። እርስዎም እጅዎን ደረትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ አሉልኝ። ከዚያ በኋላ ፎቶዬን ገጽዎ ላይ አየሁት፤ ከሥሩ «የካርቲየ ሰባት ወጣት ደጋፊያችን በስሜት ተሞልታ አመሰገነችን» ይላል። በስሜት መሞላቴ እውነት ነው። ምስጋናው ግን ገና መጀመሩ ስለነበር ቀሪውን በጽሑፍ ልጨርሰው። በጽሑፍ ማንም ዞሮ አያየኝም።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ሰዎች ነገሩን በአጭሩ ልንገራቸው። አቶ ሙሕሲን «የወደብ መንገድ» የሚባል የኮምፒውተር ጌም እሠራለሁ ብለው ከሰፈራችን ሰው፣ ከድሬዳዋና ከሐረር ነጋዴዎች፣ ከሹፌሮች፣ ኋላም በኢንተርኔት ከሌላ አገር ሰዎች መዋጮ ሰበሰቡ። ተጫዋቹ ከባድ መኪና ይዞ ከጅቡቲ ወደብ ይነሣና አዲስ አበባ ይገባል፤ ይኸው ነው። ሐሳቡ ቆንጆ ነው፤ ይህችን ዓረፍተ ነገር ያለ ምንም ሽሙጥ ነው የጻፍኳት። ቀጥሎ ላለው ግን ኃላፊነት አልወስድም።

አንደኛ፣ ስለ መሪው አመሰግንዎታለሁ። አባቴ ጭነት ሲያስር ወገቡን ከተጎዳ በኋላ ሐኪሙ ከእንግዲህ ከባድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለው። ዕድሜውን የፈጀው ከወደቡ አዲስ አበባ በሚወስደው በዚያው መንገድ ላይ ነው። ማስታወቂያዎን ያየ ቀን ከፍራሹ ቀና ብሎ «በለጡ! ቤት ቁጭ ብሎ መንዳት ተጀመረ እኮ!» ብሎ እናቴን ጠራት። መዋጮው ከፍ ስላለ ቃል የተገባለት ስጦታም ደረሰን፤ ቀይ ጎማ የተሳለበት፣ ጠረጴዛ ላይ የሚታሰር የፕላስቲክ መሪ። ያለን ጠረጴዛ እናቴ ሳምቡሳ የምትጠቀልልበት አንዱ ብቻ ስለሆነ እዚያው ላይ አሰረው። ከዚያ ወዲህ እናቴ ሊጡን መሪውን እየዞረች ትዳምጠዋለች፤ ፍሬቻ ማሳየት ብቻ ነው የቀራት። መሪ አለን፣ መኪና የለንም። መሪው ከመኪናው ቀድሞ የተሰጠን ቤተሰብ እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም፤ ለዚህ ክብር ስለመረጡን እናመሰግናለን።

ሁለተኛ፣ የሐሳብዎን ስፋት አደንቃለሁ። ሲጀመር ቃል የገቡት አንድ መኪናና አንድ መንገድ ነበር። መዋጮው ከታሰበው በላይ ሲሆን ባቡር ጨመሩ። ባቡሩ ሳይሠራ መርከብ መጣ፤ ቀጥሎ ዓሣ ማጥመድ፣ ቀጥሎ የሹፌሩ ሠርግ ከነሙሽራ ምርጫው፣ ቀጥሎም «በራሱ የሚያስብ ግመል»። አሁን ደግሞ የዝናብ ሥርዓት እየተሠራ ነው ብለው አበሠሩን። ዝናብ እኛ ከተማ የሚመጣው አልፎ አልፎ ቢሆንም ከጌሙ ቀድሞ እንደሚመጣ አልጠራጠርም። ግመሉ ምን ምን እንደሚያስብ አላውቅም፤ ብቻ በድርጅቱ ውስጥ የሚያስብ አንድ አካል መኖሩ በጣም አጽናንቶኛል።

ሦስተኛ፣ ይቅርታ ልጠይቅዎት ይገባል፤ በዚህኛው ስሕተቱ የእኛ ነው። «ሁሉም ትንሽ ትንሽ ሲያዋጣ ትልቅ ነገር ይሠራል» ያሉ ጊዜ የሰፈራችን ሴቶች ዕቁብ መስሏቸው ነው የተመዘገቡት። ጎረቤታችን ወይዘሮ ፋጤ መንገድ ላይ ባገኙዎት ቁጥር «ሙሕሲኔ፣ ዕጣው መቼ ነው የሚወጣው? የእኔን ለረመዳን አድርግልኝ እንጂ» የሚሉዎት ለቀልድ አይደለም። እርስዎም ትዕግሥተኛ ስለሆኑ ደጋፊ ማለት ዕቁብተኛ ማለት እንዳልሆነ ቆመው አስረዷቸው። እሳቸው ማታ ለእናቴ ሲያስረዱ ግን «ዕቁቡማ ዕቁብ ነው። ዕጣው ብቻ በየወሩ ለሱ ነው የሚወጣው» አሉ። ከድርጅትዎ ከዚህ የጠራ የሒሳብ ሪፖርት እስከ ዛሬ አላየሁም።

አራተኛውን ዘልዬዋለሁ። እርስዎም በመልእክትዎ ከምዕራፍ ሦስት ወደ ምዕራፍ አምስት ስለዘለሉ በአሠራር እንድንመሳሰል ብዬ ነው።

አምስተኛ፣ ገና ያልተሠሩ መኪናዎችን አስቀድመው ስለሸጡልን አመሰግናለሁ። የአባቴ ጓደኛ ታፈሰ፣ እስካሁን በዚያ መንገድ ላይ የሚነዳው፣ ወርቃማ ጎማ ያለውን ገዝቷል። በስልኩ ሥዕሉን እያሳየ «እውነተኛው መኪና የባለሀብቱ ነው፣ ይኼኛው ደግሞ የሙሕሲን ነው፤ እኔ መኪና የሚኖረኝ መቼ ነው?» ብሎ አባቴን አሳቀው። አባቴ ሲስቅ ወገቡን ስለሚያመው ይህንንም በእርስዎ ላይ መዝግቤዋለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ትምህርቴን ቶሎ ነው ያቆምኩት፤ ስለዚህ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። የቢሮው ኪራይና የሠራተኞችዎ ደመወዝ የሚከፈለው ጌሙ ተሸጦ አይደለም፤ የሚሸጥ ጌም የለምና። የሚከፈለው ከአዲስ ደጋፊ ነው። አዲስ ደጋፊ ሲቀንስ አዲስ ተስፋ ይታወጃል፤ ተስፋውን የሚሠራ አዲስ ሠራተኛ ይቀጠራል፤ ለሱ ደመወዝ ደግሞ ሌላ አዲስ ደጋፊ ያስፈልጋል። አባቴ ባትሪው የደከመ መኪና ሲይዝ የትም ቢያድር ቁልቁለት ፈልጎ ነበር የሚያቆመው፤ ጠዋት ማንንም ሳይለምን ፍሬኑን ለቀቅ አድርጎ እንዲያስነሣው። እርስዎ ግን ዳገት ላይ አቁመው በየወሩ «ግፉልኝ» ይሉናል። እንገፋለን፤ ደግ ሰዎች ነን። ግን ሰው ይደክመዋል። ገፊው የደከመ ዕለት መኪናው የሚሄደው ወደ ኋላ ነው፤ ከኋላው ያለነው ደግሞ እኛ ነን።

አሁን ወደ ማይክሮፎኑ ልመለስ።

ያን ቀን ልጠይቅዎ የነበረው ስለ ግመሉ አልነበረም። መልእክትዎ የሚመጣው በፈረንሳይኛ ስለሆነ አባቴ ስልኩን ለእኔ እየሰጠ «አንብቢልኝ እስቲ፣ ደርሷል?» ይለኝ ነበር። ከሰዓት በኋላ ሰፈሩ ጫቱን ይዞ ሲቀመጥ እሱ መሪውን ይዞ ይቀመጣል፤ ምንም በሌለበት ግድግዳ ላይ ዓይኑን ተክሎ ቀስ እያለ ይጠመዝዘዋል። እኔ ከጓዳ ሆኜ የትኛው መታጠፊያ ላይ እንደደረሰ ለመገመት እሞክር ነበር። በቅርቡ ግን መሪውን በእናቴ አሮጌ ሻሽ ሸፈነው። ስልኩ ሲጮህም «ደርሷል?» አይለኝም። ከወገቡ ይልቅ ይህ ነው ያስፈራኝ።

ጥያቄዬ እንግዲህ ይኼ ነበር። ሌላው ሁሉ ይቆይና፣ ከባድ መኪናዎቹ ከሚያድሩበት ከፔካ ዱዝ ተነሥቶ ድንበሩ ላይ እስካለው እስከ ጋላፊ ኬላ ያለውን መንገድ ብቻ፣ በአንድ መኪና ብቻ፣ ያለ ባቡር፣ ያለ ዝናብ፣ ያለ ሠርግ ይሰጡናል ወይ? ዋጋ ቆርጠው ይሽጡት። አዋጥተንበትም ቢሆን እንደገና እንገዛዋለን፤ ለዘመድም እናስገዛለን። በሽያጩ ከጋላፊ ወዲያ ያለውን ይሥሩ፣ በዚያ ሽያጭ ደግሞ ቀጣዩን። ቁልቁለት ማለት ይኼ ነው። ለአባቴ ብለው አዲስ አበባ ድረስ መጨነቅ የለብዎትም፤ እሱ መድረስ አልፈለገም፣ መንዳት ነው የፈለገው።

ለቢሮዎ ነፋሻ አየር፣ ለግመልዎ መልካም ሐሳብ፣ ለእርስዎ ደግሞ አንዲት ትንሽ ቁልቁለት እየተመኘሁ፣ ፎቶዬን ከገጽዎ ባያነሡትም ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ በዚህ ደብዳቤ እንዲተኩልኝ በትሕትና እየለመንኩ፣ በታላቅ አክብሮትና በጥቂት ሊጥ በተነካካ እጅ እሰናበትዎታለሁ።

የመሪ ባለቤት ልጅ፣
መስከረም ጀንበሬ
ካርቲየ ሰባት፣ ጅቡቲ ከተማ

ተጨማሪ፦ ይህን ከጻፍኩ በኋላ መላኩን ፈርቼ ጥቂት ቀን አሳደርኩት። በዚህ መሐል አንድ ቀን ከሰዓት ሻሹን ከመሪው ላይ አነሣሁና አባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ለራሴ እንኳ በማይሰማኝ ድምፅ «ፔካ ዱዝ ነን፤ ከፊታችን ነዳጅ የጫነ ቆሟል» አልኩት። እሱም ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው ሳብ አደረገና «ታዲያ ክላክስ አድርጊለታ!» አለኝ። ማይክሮፎን ይዤ መናገር ያቃተኝ እኔ በአፌ ክላክስ አደረግሁ፤ ወይዘሮ ፋጤ ደንግጠው ከቤታቸው ወጡ። አሁን በየቀኑ እንነዳለን። ወዓን አልፈን በግራን ባራ ሜዳ እንለቀዋለን፣ ዲኪል ላይ ሻይ እንጠጣለን፤ መታጠፊያ ስሳሳት አባቴ «ኧረ ገደል ከተትሽን!» እያለ ያርመኛል። ጋላፊ ላይ እናቴ ጉምሩክ ናት፤ ጠረጴዛዋን ካላስለቀቀች አታሳልፍም። ስለዚህ ጌሙ ወጥቷል፤ ከእርስዎ ስለቀደምን ይቅርታ። መዋጮ አንቀበልም። የጎደለን ዮቦኪ ላይ መንገድ መሐል የሚቆም አንድ ግመል ብቻ ነው። መንገድ ዘግቶ መኪና በማስጠበቅ የቆየ ልምድ ስላለዎት ቦታውን ለእርስዎ ይዘንልዎታል። ማሰብ ግዴታ አይደለም።